ሸሚዝ ቆጥሮ ቁም ሳጥን የሠራው ዴንማርካዊ

ዕቃ የሌለው ቤት የለም። ዕቃውን በወግ በወጉ የሚያስቀምጥበት ቦታ ያለው ቤት ግን ጥቂት ነው። ልብሱ በአልጋ ራስጌ፣ ሰሃኑ በመስኮት ደፍ፣ ወረቀቱ በፍራሽ ሥር ይከማቻል። ቁም ሳጥን የተገዛለት ቤት እንኳ ብዙ ጊዜ ከችግሩ አይወጣም። መሳቢያው ከልክ በላይ ጠልቆ ከሥር ያለው ልብስ ይረሳል። መደርደሪያው ከልክ በላይ ተራርቆ ግማሹን አየር ይሞላዋል። ቡፌው ክፍሉን ይውጠዋል፤ ሰሃኑ ግን አልበቃው ይላል።

ይህን የዘወትር ጣጣ ተራ ነገር ነው ብሎ ያልናቀ አንድ ሰው ነበር፤ ዴንማርካዊው የእንጨት ባለሙያ ቦርጌ ሞጌንሰን። ሜትር ይዞ ሸሚዝ የለካ፣ ማንኪያና ሹካ የቆጠረ፣ አንድ ሰው በቤቱ ከእያንዳንዱ ዕቃ ስንት እንዳለው የጠየቀ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እርሳሱን አንሥቶ ቁም ሳጥን የነደፈ ሰው ነው። የወጣትነት ጉልበቱን የሰጠውም ለባለጸጋ ሳሎን ሳይሆን፣ ገበሬዎችና የከተማ ሠራተኞች በአባልነት ለያዙት የኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር። እነሆ የዚህን ሰው ሕይወትና ሥራ እናወጋችኋለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመላጊያ የጀመረ ሕይወት

ቦርጌ ሞጌንሰን ኤፕሪል 13 ቀን 1914 በሰሜን ዴንማርክ በምትገኘው በኦልቦርግ ከተማ ተወለደ። ኦልቦርግ የወደብ፣ የንግድና የፋብሪካ ከተማ ናት። ልጁ በዚያች ከተማ የእንጨት ሥራን ተማረ። በ1934፣ ገና 20 ዓመት ሲሞላው፣ የቤት ዕቃ አናጺነት ማረጋገጫውን ተቀበለ። ስለዚህ የኋላ ኋላ ንድፍ አውጪ ተብሎ ስሙ ቢገንንም፣ ወረቀትና እርሳስ ከመያዙ በፊት መጋዝ፣ መሮና መላጊያ የያዘ ሰው ነው። እንጨት በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ፣ በየትኛው ወቅት እንደሚያብጥና እንደሚሸሽ፣ የትኛው ማገጣጠሚያ ሸክም እንደሚችልና የትኛው እንደሚከዳ በእጁ ያውቅ ነበር።

በ1936 ወደ ዋና ከተማዋ ኮፐንሃገን አቅንቶ በዕደ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያም ሃንስ ዌግነር ከሚባል ወጣት ጋር ተገናኘ። ሁለቱም የተወለዱት በአንድ ዓመትና በአንድ ወር ነው፤ ዌግነር በ11 ቀን ይቀድመዋል። ሁለቱም ከታችኛው የአናጺነት ሥራ ተነሥተው የመጡ የክፍለ ሀገር ልጆች ናቸው። ወዳጅነታቸው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ የዘለቀ ሆነ። ሞጌንሰን ልጅ በወለደና ስሙን ፔተር ባለው ጊዜ፣ ሀገሪቱ በጦርነት ውስጥ ነበረችና ለስጦታ የሚሆን ነገር ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ዌግነርም በ1944 ያለ ምስማርና ያለ ብሎን የሚገጣጠም ትንሽ የሕፃን ወንበር ሠርቶ ለወዳጁ ልጅ ሰጠ። ያ ወንበር ዛሬም ድረስ የፔተር ወንበር እየተባለ ይሠራል።

ሞጌንሰን በ1938 የዕደ ጥበብ ትምህርቱን ጨርሶ በኮፐንሃገን የንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ የቤት ዕቃ ትምህርት ክፍል ገባ። እስከ 1942 በዚያ ተማረ። በእነዚያ ዓመታት የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነውን መምህር አገኘ።

መምህሩ ኮሬ ክሊንት

ኮሬ ክሊንት በአካዳሚው የቤት ዕቃ ትምህርት ክፍልን በ1924 የመሠረተ ሰው ነው። የዘመኑ ንድፍ አውጪዎች ቀድመው የሚጠይቁት ዕቃው ምን ዓይነት መልክ ይኑረው ብለው ነበር። ክሊንት ግን ሌላ ጥያቄ አስቀደመ፤ ዕቃው ምን ይይዛል፣ ማንስ ይጠቀምበታል የሚል። ወንበር ሲታሰብ ተቀማጩ ይለካል። ቡፌ ሲታሰብ ደግሞ ሰሃኑ፣ ብርጭቆው፣ ቢላዋውና የገበታ ጨርቁ ይለካል። ክሊንት በዚህ መንገድ የነደፈው ቡፌ ከውጭ መጠኑ ከሌሎች ቡፌዎች ሳይበልጥ ከእነርሱ እጅግ የበለጠ ዕቃ ይይዝ ነበር። ምሥጢሩ ሌላ አልነበረም። በውስጡ ባዶ የሚቀር ቦታ አለመኖሩ ነው።

ክሊንት አሮጌውን ነገር የሚንቅ መምህርም አልነበረም። የእንግሊዝን የጥንት ወንበሮች፣ የቻይናን የቤት ዕቃዎች፣ በአሜሪካ በምናኔ የሚኖሩትን የሼከር ማኅበረ ምእመናን ሥራዎች ተማሪዎቹ እንዲለኩና እንዲያጠኑ ያደርጋቸው ነበር። ብዙ ትውልድ የተቀመጠበት ወንበር በየዘመኑ ስሕተቱ እየታረመ የመጣ ስለሆነ፣ ከባዶ ከመነሣት ይልቅ እርሱን ማሻሻል ይበልጣል ብሎ ያምናል። ሞጌንሰን ይህን እምነት ከመምህሩ ወረሰ። በተማሪነቱና ከዚያም በኋላ በክሊንትና በሌላው አርክቴክት በሞግንስ ኮክ ቢሮዎች ሠራ፤ ከ1945 እስከ 1947ም በአካዳሚው የክሊንት ረዳት መምህር ሆነ። ሞግንስ ኮክ በ1928 የነደፈው የመጽሐፍ መደርደሪያ ወርዱም ቁመቱም 76 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ነበር። ባለቤቱ መጽሐፍ በጨመረ ቁጥር ሌላ ሳጥን እየገዛ ጎን ለጎን ወይም ላይ በላይ ይደረድራል። ዕቃ ከቤተሰብ ጋር ማደግ ይችላል የሚለው ሐሳብ በሞጌንሰን አእምሮ ውስጥ የተዘራው ከእነዚህ ሁለት መምህራን ማሳ ነው።

የገበሬዎቹ ማኅበር

ሞጌንሰን የተማረውን በተግባር የሚያውልበትን ትልቅ ዕድል ያገኘው ከአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት የዴንማርክን ገጠር ታሪክ ጥቂት መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ከአሜሪካና ከሩሲያ የሚጫን ርካሽ እህል የአውሮፓን ገበያ አጥለቀለቀው። የዴንማርክ ገበሬ እህሉን ሸጦ መኖር አቃተው። ፊቱንም ከእህል ወደ ከብት፣ ወደ ቅቤና ወደ አሳማ ሥጋ አዞረ። ይሁን እንጂ አንድ ገበሬ ብቻውን የወተት ማቀነባበሪያ ማቆም አይችልም። በ1882 በምዕራብ ዴንማርክ በዬዲንግ መንደር ገበሬዎች ተሰባስበው የመጀመሪያውን የኅብረት ሥራ የወተት ማቀነባበሪያ አቋቋሙ። በእነዚህ ማኅበራት ድምፅ የሚሰጠው በላም ቁጥር ሳይሆን በሰው ቁጥር ነበር። ሁለት ላም ያለውም ሃያ ላም ያለውም አንድ ድምፅ አለው።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1866 ሃንስ ክርስቲያን ሶነ የተባሉ ቄስ በቲስተድ ከተማ የሸማቾች የኅብረት ሥራ ሱቅ መሥርተው ነበር። አባላቱ ሸቀጡን በጅምላ ገዝተው ለራሳቸው ይሸጣሉ፤ ከሽያጩ የተረፈውንም በገዙት መጠን ይከፋፈላሉ። ሱቆቹ በየመንደሩ ተስፋፉ። በ1896ም በአንድ ላይ ሆነው የዴንማርክ ሸማቾች ማኅበራት ኅብረት የተባለውን፣ በአሕጽሮት ኤፍዴቤ እየተባለ የሚጠራውን ድርጅት አቆሙ። ኅብረቱ ከጅምላ ንግድ አልፎ የራሱን ፋብሪካዎች ከፈተ፤ የአባላቱን ፍጆታ ራሱ ወደ ማምረት ገባ።

ቡናና ስኳር፣ ሳሙናና ጫማ ለአባሉ በተገቢ ዋጋ ካቀረበ፣ ወንበርና ቁም ሳጥንስ ለምን አያቀርብም? ይህ ጥያቄ በኅብረቱ መሪዎች ዘንድ የተነሣው ዴንማርክ በጀርመን ጦር በተያዘችበት ዘመን ነው። የጀርመን ጦር ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ገብቶ እስከ ሜይ 1945 ቆይቷል። ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንጨት ተቋረጠ። ብዙው ቤተሰብ በጠባብ ቤት ይኖራል። በገበያ ያለው ርካሽ የቤት ዕቃ ደግሞ የባለጸጎችን ሳሎን ለመምሰል የሚጣጣር፣ ግዙፍና በጌጥ የተጫነ፣ ውስጡ ግን ደካማ ነበር። ታዋቂው አርክቴክት ስቴን አይለር ራስሙሰን የኅብረቱ አማካሪ ሆኖ መከረ፤ ኅብረቱም የራሱ የቤት ዕቃ ንድፍ ክፍል አቋቋመ። በ1942 የክፍሉ ኃላፊ እንዲሆን የተመረጠው ከአካዳሚው ገና የወጣው የ28 ዓመቱ ቦርጌ ሞጌንሰን ነበር።

የሕዝቡ ወንበር

የተሰጠው ሥራ ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት ከባድ ነው። በትንሽ ቤት የሚገባ፣ በማሽን በብዛት የሚመረት፣ ከሀገር ውስጥ እንጨት የሚሠራ፣ ዋጋው የሠራተኛን ኪስ የማይጎዳ፣ ጥንካሬው ግን ከአባት ወደ ልጅ የሚያሻግር ዕቃ ንደፍ ተባለ። ሞጌንሰንም በዴንማርክ ደን በሰፊው የሚበቅለውን የቢች እንጨትና ጠንካራውን የኦክ እንጨት ይዞ ተነሣ። ጠረጴዛ፣ አልጋ፣ ወንበር፣ ባለመሳቢያ ሳጥንና ቁም ሳጥን በተከታታይ ነደፈ። ዕቃዎቹ ለብቻ ለብቻ የሚገዙ ነበሩ። ቤተሰቡ ዛሬ ጠረጴዛ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ወንበር፣ ከዚያም መሳቢያውን ይገዛል፤ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ስለሚመስሉ አብረው ሲቆሙ አይጣሉም። በአንድ ጊዜ ሙሉ የሳሎን ዕቃ ግዛ ከሚለው ልማድ ይህ ትልቅ መላቀቅ ነበር።

ከእነዚህ ሥራዎች ሁሉ በላይ የገነነው በ1947 የወጣው ጄ 39 የተባለው ወንበር ነው። አራት ቀጥ ያሉ እግሮች፣ ጎበጥ ያለች አንዲት ሰፊ የጀርባ ሳንቃ፣ ከወረቀት ገመድ የተጠለፈ መቀመጫ፤ በቃ። መነሻው የሼከር ምእመናን ወንበር ነው። የወረቀት ገመዱም የጦርነቱ ዘመን እጥረት የወለደው ነው። ለወንበር መጥለፊያ ይውል የነበረው ከውጭ የሚመጣ ሣር በታጣ ጊዜ ባለሙያዎች ወረቀትን በጥብቅ አክርረው ገመድ አደረጉት። ተተኪ ሆኖ የገባው ገመድ ጥንካሬው ስለተመሰከረለት ጦርነቱ ካለፈ በኋላም በቦታው ቀረ። ዴንማርካውያን ይህን ወንበር የሕዝቡ ወንበር ብለው ሰየሙት። በምግብ ቤቶች፣ በስብሰባ አዳራሾች፣ በቤተ ክርስቲያናትና በተራ ማዕድ ቤቶች ተደርድሮ ይታያል።

ቁም ሳጥኑ እንዴት ተወለደ?

በ1950 ሞጌንሰን ከኅብረቱ ለቆ የራሱን ቢሮ ከፈተ። በዚያው ዓመት የአካዳሚው ኤከርስበርግ ሜዳሊያ ተሸለመ። በኅብረቱም ፖል ቮልተር የተባለ ንድፍ አውጪ ሥራውን ተረከበ። ሞጌንሰን ግን ከለቀቀ በኋላም የተራው ቤተሰብ ጥያቄ ከአእምሮው አልወጣም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከአርክቴክት ግሬተ ማየር ጋር ተጣምሮ የሕይወቱን ትልቁን ጥናት ጀመረ።

ግሬተ ማየር በ1918 የተወለደች፣ በ1947 ከአካዳሚው በአርክቴክትነት የተመረቀች ናት። ለግንባታ ባለሙያዎች የሚዘጋጅ የመለኪያ መጽሐፍ በማጠናቀር ሥራ ላይ ተሳትፋ ስለነበር፣ የቤት ውስጥ መጠኖችን በማጥናት ሰፊ ልምድ ነበራት። ከጦርነቱ በኋላ በዴንማርክ የመኖሪያ ቤት እጥረት ተከሥቶ፣ መንግሥት የሚደግፋቸው አዳዲስ የጋራ ሕንፃዎች በየከተማው ይገነቡ ነበር። ቤቶቹ ንጹሕና ብርሃናማ ቢሆኑም ጠባብ ናቸው። የአያት የቅድመ አያት ግዙፍ ቁም ሳጥን በበራቸው አይገባም፤ ቢገባም ለሰው መተላለፊያ አያስቀርም።

ሁለቱ ባለሙያዎች ከዕቃው ጀመሩ። የታጠፈ ሸሚዝ ወርዱ ስንት ነው? ማንኪያና ሹካ ቁመታቸው ስንት ነው? አንድ ሰው በአማካይ ስንት ሸሚዝ፣ ስንት የውስጥ ልብስ አለው? አንድ ቤተሰብ ስንት ሰሃን፣ ስንት ብርጭቆ፣ ስንት አንሶላ ይይዛል? ይህን ሁሉ ለክተውና ቆጥረው መዘገቡ። ከዚያም ከቁጥሩ ተነሥተው የመሳቢያውን ወርድና ጥልቀት፣ የመደርደሪያውን ርቀት፣ የሳጥኑን ቁመት ወሰኑ።

የዚህ አሠራር ትርጉም በምሳሌ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ሸሚዝ በጥልቅ መሳቢያ ሲቀመጥ አሥር ላይ በላይ ይከመራል። የታችኛውን የፈለገ የላዩን ሁሉ ማተራመስ ግድ ይለዋል። መሳቢያው ዝቅ ያለ፣ ወርዱም የታጠፈ ሸሚዝ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ቢሆን ግን ሁሉም በአንድ እይታ ይታያል። መጽሐፍ ጥልቅ መደርደሪያ አያስፈልገውም፤ በጥልቅ መደርደሪያ ቢቀመጥ ከፊቱ ሌላ ቅራቅንቦ ይሰበሰባል። በመስቀያ የሚንጠለጠል ካፖርት ግን ሰፊ ጥልቀት ይሻል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ልክ ሳጥን ማጨቅ ለአንዱ ብክነት፣ ለሌላው ጥበት ነው። ሞጌንሰንና ማየር የተለያየ ጥልቀትና ቁመት ያላቸውን፣ ነገር ግን በአንድ የጋራ ልክ እየተባዙ የሚገጥሙ ክፍሎችን ነደፉ። ክፍሎቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ሊደረደሩ ይችላሉ። በር፣ መሳቢያ፣ መደርደሪያ ወይም የጽሕፈት ሰሌዳ እንደ ቤተሰቡ ፍላጎት ይገጠምባቸዋል።

ሥራውንም ቦሊግንስ ቢውገስካበ አሉት፤ ለመኖሪያ ቤት የሚገነቡ ቁም ሳጥኖች እንደማለት ነው። ከፊት ለፊት ሲታይ ለስላሳ የእንጨት ግድግዳ ይመስላል። ቅርጻ ቅርጽ የለውም፤ የሚያብረቀርቅ ብረት የለውም። በሩ ሲከፈት ግን እያንዳንዱ ዕቃ ልክ በልኩ ቦታውን ይዞ ይገኛል። የክፍሉ መሐል ለሰው ተለቀቀ። ልጅ የሚጫወትበት፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ወለል ተገኘ።

ሐሳቡ በዚህ አላበቃም። ከ1955 እስከ 1967 ድረስ ለ12 ዓመታት ሞጌንሰን ኤረሱንድ የተባለውን ተከታታይ የማስቀመጫ ዕቃ ሲነድፍ ቆየ። ኤረሱንድ ዴንማርክንና ስዊድንን የሚለያይ የባሕር ወሽመጥ ስም ነው። ስያሜው ያለ ምክንያት አልተሰጠም፤ ንድፉ ከዴንማርክ ሲወጣ አምራቹ ደግሞ በስዊድን ሁስክቫርና የሚገኘው የካርል አንደርሰንና ልጆቹ ፋብሪካ ነበር። ዓላማውም ሰፊ ነው። በዘመናዊ ቤት ሊነሣ የሚችለውን የዕቃ ማስቀመጫ ጥያቄ ሁሉ በአንድ ቤተሰብ ዕቃ መመለስ ነበር። የመጽሐፍ መደርደሪያው፣ ባለመሳቢያው ሳጥን፣ ቡፌውና ቁም ሳጥኑ በልክ ስለሚገጥሙ ተለያይተውም ተጣምረውም ይቆማሉ።

አንድ ጥያቄ ግን ሳይነሣ አይታለፍም። አማካይ ቤተሰብ የሚባለው በእውነት የት ይኖራል? አንዱ ሸሚዝ ያበዛል፤ ሌላው መጽሐፍ። አንዲት እናት የአምስት ልጅ ልብስ ታጥፋለች፤ ጎረቤቷ ብቻዋን ትኖራለች። የሰው ንብረትም በአንድ ቦታ አይቆምም፤ ዛሬ የተለካው ለልጅ ልጅ ላይሆን ይችላል። በቁጥር ላይ የቆመ ንድፍ ሁልጊዜ ይህ ፈተና አለበት። የሞጌንሰን መልስ በዕቃው አሠራር ውስጥ ይገኛል። ቁም ሳጥኑን የማይለወጥ አንድ ግዙፍ ዕቃ ከማድረግ ይልቅ፣ የሚቀየሩ ክፍሎች ስብስብ አደረገው። ልኩ ለአናጺው መነሻ ይሆናል፤ አደራደሩን ግን የሚወስነው ባለቤቱ ነው።

ከባለሙያ ጋር የተሠራ ሥራ

ሞጌንሰን ቁም ሳጥን ብቻ ይሠራ ነበር ማለት አይደለም። የኮፐንሃገን የቤት ዕቃ አናጺዎች ማኅበር ከ1927 እስከ 1966 በየዓመቱ በሚያዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ ሥራዎቹን ያቀርብ ነበር። በ1945 ጎኑ በዘንግ የተሠራ፣ በቆዳ ማሰሪያ ወደ ውጭ የሚዘረጋ ሶፋ አሳየ። የሶፋው ውበት ቢደነቅም ገዢ በብዛት ያገኘው ከዓመታት በኋላ ነበር። በ1950 ዝቅ ያለ፣ ከኦክ እንጨትና ከወፍራም ቆዳ የተሠራ የአዳኞች ወንበር አቀረበ። ወደ ስፔን በተጓዘ ጊዜ የእስላማዊ ሥልጣኔ አሻራ ባረፈበት አካባቢ ሰፋፊ የእጅ ማሳረፊያ ያላቸው የጥንት ወንበሮች አየ፤ በ1958 ከእነርሱ ተነሥቶ የስፔን ወንበር የሚባለውን ነደፈ። ማሳረፊያው መጽሐፍ ወይም ብርጭቆ እስኪያስቀምጥ ድረስ ሰፊ ነው። መቀመጫው ጠንካራ ቆዳ ነው፤ በጊዜ ብዛት ቆዳው ሲላላ ደግሞ በማንገቻው ይጠበቃል።

በ1955 አንድሪያስ ግራቨርሰን የተባለ ሰው በ1911 የተቋቋመውን የፍሬደሪሲያ ወንበር ፋብሪካ ገዛ። ፋብሪካውን ለማደስ የፈለገው ከሞጌንሰን ጋር በመሥራት ነበር፤ ተሳካለትም። የሁለቱ ትብብር ሞጌንሰን እስኪሞት ድረስ ቀጠለ። ለጨርቁ ደግሞ ሸማኔዋን ሊስ አልማንን አጋሩ አደረገ። በሱፍና በጥጥ፣ በሰከኑ ቀለሞችና በመስመር ጥለቶች የተሸመኑት ጨርቆች እንደ ቁም ሳጥኑ ሁሉ በብዛት ለመመረት የታሰቡ ነበሩ።

በ1958 በኮፐንሃገን አጠገብ በጌንቶፍተ የራሱን ቤት ሠራ። ቤቱ መኖሪያም መሞከሪያም ነበር። አዲስ ንድፍ ወደ ፋብሪካ ከመሄዱ በፊት በቤቱ ይቀመጣል፤ ቤተሰቡ ይቀመጥበታል፣ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። በ1962 የወጣውና በቁጥር 2213 ተብሎ የሚታወቀው የቆዳ ሶፋ በመጀመሪያ የታሰበው ለዚሁ ቤት ነው። ዛሬ በዴንማርክ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶችና ኤምባሲዎች ተዘውትሮ ይታያል።

በጠባዩ ግልጽና ተከራካሪ ነበር። ለመታየት ብቻ የሚሠራ፣ ለመቀመጥ የማይመች ዕቃ ያስቆጣው ነበር። የቤት ዕቃ ለኑሮ አገልጋይ እንጂ የባለሙያው መታያ መሆን የለበትም ብሎ በአደባባይ ይሟገታል። ይህ ጠባዩ ወዳጅም ባላጋራም አፍርቶለታል።

ማን ገዛው?

የሞጌንሰን ሕይወት አንድ ያልተፈታ ቋጠሮ አለው። ዕቃውን የነደፈው ለሠራተኛና ለገበሬ ቤተሰብ ነበር። ወድደው ቀድመው የገዙት ግን በብዛት መምህራንና ሌሎች የተማሩ ወጣቶች ሆኑ። ብዙ ሠራተኛ ከልጅነቱ ጀምሮ የበለጸገ ቤት ምልክት አድርጎ ያየው ያንን ባለጌጡን፣ በጨርቅ የታጨቀውን ሶፋና የሚያብረቀርቀውን ቡፌ ነበር። ጥቂት ገንዘብ ሲያገኝ የሚመኘው እርሱን ነው። ዕድሜውን በሙሉ በባዶ እንጨት ላይ ለተቀመጠ ሰው፣ ባዶ እንጨት ያምራል ብሎ መስበክ ቀላል አልነበረም።

ቋጠሮው ዛሬ ደግሞ ሌላ መልክ ይዟል። በእርሱ ዘመን በተመጣጣኝ ዋጋ ይሸጡ የነበሩ ሳጥኖችና ወንበሮች አሁን በጨረታ ቤቶች የሚፈለጉ የሰብሳቢ ዕቃዎች ሆነዋል። የስፔን ወንበርና የቆዳው ሶፋ ተራው ሠራተኛ የማይደፍረው ዋጋ ያወጣሉ። ለሕዝብ የታሰበ ነገር የባለጸጋ ጌጥ ሲሆን ማየት ለሟቹ የሚያስደስት አይመስልም።

ሆኖም ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ ማየት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ዕቃው ከ70 ዓመት በኋላ ተፈላጊ የሆነው ስላልተሰበረ ነው። መሳቢያው ዛሬም ይንሸራተታል። የወንበሩ ገመድ ሲበጠስ እንደገና ይጠለፋል። ቆዳው ሲያረጅ ይለወጣል፤ እንጨቱ ሲቆሽሽ ተፍቆ በሳሙናና በዘይት ይታደሳል። በየጊዜው ርካሽ እየገዙ በየጊዜው ከመጣል ይልቅ አንድ ጊዜ ደህና ዕቃ መግዛት ለድኻ ይበጃል የሚለው ክርክሩ በዕድሜ ብዛት ተመስክሮለታል።

ሜዳሊያውና ሞቱ

1972 የክብርም የሐዘንም ዓመት ሆነ። በዚያ ዓመት ዴንማርክ ለአርክቴክቶች የምትሰጠውን ሲ ኤፍ ሃንሰን ሜዳሊያ ተቀበለ። የእንግሊዝ ባለሙያዎችም በለንደን የክብር ንጉሣዊ የኢንዱስትሪ ንድፍ አውጪ የሚለውን ማዕረግ ሰጡት። ኦክቶበር 5 ቀን 1972 ግን በ58 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። የትውልድ እኩያው ሃንስ ዌግነር ከእርሱ በኋላ 35 ዓመት ያህል ኖሮ በ2007 ዐረፈ። ግሬተ ማየርም በኋላ በሸክላ ገበታ ዕቃ ንድፍ ስሟን ተክላ በ2008 ሞተች።

የኅብረቱ የቤት ዕቃ ሥራም ከጊዜ በኋላ ተዳክሞ ነበር። በ2013 የኅብረቱ ወራሽ የሆነው የዴንማርክ የሸማቾች ድርጅት የድሮዎቹን ንድፎች ከመዝገብ አውጥቶ እንደገና ማምረት ጀመረ። ጄ 39 ወንበር ደግሞ ዛሬም በፍሬደሪሲያ ፋብሪካ ይሠራል።

ከሞጌንሰን ሥራ ውስጥ ብዙው በሙዚየም ሊታይ ይችላል። ትልቁ ውርሱ ግን ማንኛውም አናጺ በየትኛውም እንጨት ሊጠቀምበት የሚችል አሠራር ነው። ሳንቃው ከመቆረጡ በፊት ባለቤቱ ይጠየቃል፤ ልብሱ ይታጠፍና ይለካል፤ ሰሃኑ ይቆጠራል። ሜትሩ መጀመሪያ የሚዘረጋው በዕቃው ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው በጣውላው ላይ የሚዘረጋው።